ምስጥና የዶርዜ ቤት ቁመት፦ ቅድመ ጥናት

ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ጨንቻ ሲወጣ በሚገኘው ዶርዜ፣ ነፍሳትን ማጥናት የሚሻ ሰው አጉሊ መነጽር አያሻውም፤ ቀና ብሎ ጣሪያ ማየት ይበቃዋል። የዶርዜ ቤት አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። በቀርከሃ ይሸመናል (በሸማኔ አገር ቤቱም ቢሸመን ምን ይገርማል)፤ ፊቱ የዝሆን ጭንቅላት ይመስላል። ከዚያ እየዋለ እያደረ ያጥራል። ሰው ሲያረጅ ለምን እንደሚያጥር ሐኪም ይጠየቅ፤ ቤቱን የሚያሳጥረው ግን ምስጥ ነው።

ምስጥን ብዙ ሰው ከጉንዳን ጋር ይደባልቀዋል። ጉንዳን ወገቡ ቀጭን፣ አንቴናው እንደ ክርን የታጠፈ ነው፤ ምስጥ ወገብ የሚባል ነገር የለውም፣ አንቴናውም ቀጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት ምስጥ ከበረሮ ዘር መሆኑን አረጋግጧል፤ ቤተሰቡ ዜናውን እንዴት እንደተቀበለው አልተመዘገበም። ዝናብ ሲጥል ክንፍ አውጥቶ የሚፈላው አሸንም ይኸው ምስጥ ነው፤ ሊያገባ የወጣ።

የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው። ምስጡ ቀርከሃውን ከሥሩ ይበላል፤ ባለቤቱ የተበላውን ቆርጦ ይጥላል፤ ቤቱ በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ነገሩ ከባሰ ጎረቤት ይጠራና ቤቱን ከነጣሪያው ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያኖረዋል። ምስጡ ባዶ መሬት ታቅፎ ይቀራል። (ማፈናቀል ነው ወይስ ማምለጥ? የሕግ ሰዎች ይከራከሩበት።) እንዲህ እያለ አንድ ቤት አሥርት ዓመታት ይዘልቃል፤ በመንደሩ ረጅሙ ወጣት፣ አጭሩ ሽማግሌ ነው።

የእምነቱ ጉዳይም አለ። ዶርዜ ተቀምጦ ያጠናው ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል እንደሚሉ፣ በእነዚያም ቀናት ግን ከብታቸውን ከመጠበቅ እንደማይቦዝኑ ጽፏል። የነብሩ ጾም አጠራጣሪ ነው ማለት ነው። ምስጥ በአንጻሩ ወተትም ቅቤም ሳያምረው፣ ከቀርከሃ ወደ ቀርከሃ እየተሻገረ ዓመቱን ሙሉ ይጾማል፤ ሆኖም ክርስቲያን ነው ሲባል አልሰማንም። (የሞተ ጓደኛውን ይበላል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ የቀብር ሥርዓት ነው ብለን አልፈነዋል።)

ዛሬ በዶርዜም የቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ከሆነ ምስጥ ይገባበታል፤ ቤቱ ግን ማጠር አያውቅበትም፣ ተሸክመውት የሚሄዱትም አይደለም፤ ቀጥ ብሎ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። በዚህ ላይ የምስጡን ወገን አስተያየት ለመስማት ግድግዳውን ብናንኳኳ፣ ወታደሮቹ ከውስጥ በጭንቅላታቸው መልሰው አንኳኩ። የነፍሳት ሳይንስ ይህን የአደጋ ማስጠንቀቂያ ይለዋል፤ እኛ «ይግቡ» ብለን መዝግበነዋል።