ሲስተሙ ነው አባባ

እኔ የምለው፣ መካኒክ የሚባል ፍጥረት ወዴት ገባ? ቱታው በግራሶ የጨቀየ፣ ጆሮውን ሞተሩ ላይ ጥሎ «ጋሼ፣ ካንዴላው ነው» የሚል! በዋጋ እንጣላለን፣ እንታረቃለን፤ ዕቃ ከጠፋ ሶማሌ ተራ ሮጦ ያመጣል፤ ሲመሽ መኪናዬን አስነስቼ ቤቴ እገባለሁ። አሁን ያለው ሰርቪስ ማዕከል ነው። ጥፍሩ የጸዳ ልጅ ላፕቶፕ ታቅፎ ይመጣል። ኮፈን መክፈት የለ፣ ማዳመጥ የለ፤ አንዲት ገመድ ከመሪው ሥር ይሰካና እስክሪኑ ላይ ሲያፈጥ ቆይቶ «ሲስተሙ ነው አባባ» ይለኛል። ይህ ሲስተም የሚባለው ሰውዬ የት ነው ያለው? አገናኙኝ ብል ሳቁብኝ።

በ2016 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ከእንግዲህ አይገባም ሲል ልጆቼ ተንጫጩ። «አባዬ፣ አሮጌዋን ሽጥና ኤሌክትሪክ ግዛ፤ ከቤንዚን ሰልፍ ትገላገላለህ።» ገዛሁ። ሰልፉስ ቀርቷል፣ አልዋሽም። መብራቱም ርካሽ ነው፤ ሲኖር።

ታዲያ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስል በሩ አልከፈት አለ። ማታ ተሰክቶ አድሮ 92 ፐርሰንት ነበር! ሰርቪስ ማዕከሉ ብደውል ልጅቷ «ትልቁ ባትሪ ደህና ነው፤ የሞተችው ትንሿ ናት» አለችኝ። ለካ ጉደኛው ሁለት ባትሪ አለው። ትልቁ ከወለሉ ሥር ተዘርግቶ ጎማውን ያዞራል፤ ትንሿ ያቺው የጥንቷ 12 ቮልት ናት። በሩን የምትከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የምታነቃው፣ ትልቁንም የምታገናኘው እሷ ናት። እሷ ስትሞት ጎተራው ሙሉ፣ ቁልፉ የለም።

12 ቮልት ከሆነማ እኔ ለማን ብዬ! ከጎረቤት መኪና በኬብል ስንቱን አስነስቻለሁ። «እንዳይነኩት አባባ! ዋራንቲው ይበላሻል!» ብላ ጮኸች። እሺ፣ በዋራንቲው ሥሩልኝ። «እሱማ ቻይና ውስጥ ለተሸጠ መኪና ነው።» ስነካው የሚበላሽ፣ ስጠይቀው የሌለ ዋራንቲ እንዲህ ያለ የት ይገኛል?

በክሬን ተጎትቶ ደረሰ። ትንሿን ቀየሩና መብራቱ ሲመጣ እስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ በቻይንኛ። ምን ይላል ብል «የሚያነበው ልጅ ዛሬ ዕረፍት ነው።»

ልጁ በማግስቱ አነበበው። አንድ ሴል ደክሟል አሉ። ትልቁ ባትሪ ውስጥ መቶ ያህል ሴል ተደርድሯል፤ አንዱ ቀድሞ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ የሌሎቹን አይቶ አያዝንም፣ ሁሉንም ያቆማል። ለካ አዳማ ደርሼ ስመለስ ያቃጠለኝ ይሄ ኖሯል! ሲወርድ ቁልቁለቱ ራሱ ቻርጅ ያደርገዋል፤ ሲመለስ ግን ያ ከ600 ሜትር በላይ ዳገት ፐርሰንቱን ይልሰዋል። ያን ጊዜ ስከስ «አነዳድዎ ነው» ብለውኝ ነበር። እኔን! የዓባይን በረሃ በሁለተኛ ማርሽ የወረድኩትን ሰውዬ!

«እንግዲያው የደከመውን አውጡልኛ።»

«አይከፈትም አባባ። ሙሉው ነው የሚቀየረው።»

ዋጋውን በአፉ ሊነግረኝ አልደፈረም። ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። አነበብኩት። ዜሮዎቹን መነጽር አድርጌ ደገምኳቸው። «ውኃ ይምጣልዎ?» አለኝ።

የመጠበቂያው ወንበር ላይ እንደኔ ጸጉራቸው የነጣ ሰዎች ሞልተዋል፤ አሁን ተዋውቀናል። አንደኛው ጡረተኛ የባትሪ ዕቁብ እንጣል አሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። የተጣላነው የመጀመሪያው ዕጣ ላይ ነው፤ ባለ ራይድ የሆነው ልጅ «እኔ እንጀራዬ ነው» ብሎ ይከራከራል፤ እኔ ደግሞ ዕድሜ ይቅደም ብያለሁ፤ ሰብሳቢው እስካሁን አልወሰኑም።