ሰማያዊው ፊኛ

ጥፋቱ የኔ ነው። ኤፕሪል 2 የዓለም የኦቲዝም ቀን መሆኑን ሰምቼ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሼ፣ አሥር ሰማያዊ ፊኛ ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ከች አልኩ። የስምንት ዓመት ልጇ ኦቲዝም አለበት። ያን ዕለት እንደሱ ያሉ ልጆች ወላጆች እሷ ዘንድ ተሰብስበዋል፤ ሰባት ሀበሻ እናቶችና አንድ ዝምተኛ አባት።

ገና በሩን ሳልፍ አንዱ ፊኛ ቁልፌ ነካውና ጧ! ልጁ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ለሃያ ደቂቃ አልወጣም። እህቴ የቀሩትን ዘጠኙን ነጥቃ መኪናዬ ውስጥ ቆለፈችባቸው።

«ጋሼ፣ ሰማያዊውን ማን መከረዎት?» አለች አንዷ።

ቴሌቪዥን ነዋ! ሰማያዊውን ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ኦቲዝም ስፒክስ የተባለው ድርጅት ነው፤ በየአገሩ ስመ ጥር ሕንፃዎችን በሰማያዊ መብራት ያስደምቃል። በዓመቱ ደግሞ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው አሳን የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ «ያለ እኛ ስለ እኛ አይወሰን» ባዮች ናቸው። ኦቲዝም ስፒክስ ፈውስ ፍለጋን ከዓላማው የሰረዘው በ2016 ነው፤ በዚሁ ነገር ሁለቱ ዓይንና ናጫ ነበሩ።

እናቶቹ ግን የያዙት ወሬ የፀጉር ቤት ነው። ልጆቹ የቶንዶስ ድምፅ አይችሉም። አንዷ ሰኞ ጠዋት ሱቁን ለደንበኛ ሳይከፍት በመቀስ ብቻ የሚቆርጥ ሰው አግኝታለች፤ አድራሻው በፖስታ ጀርባ እየተጻፈ ይዞራል። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው ዘሚ የኑስም ቀድሞ የውበት ትምህርት ቤት እንደነበራት ያነሱት ያኔ ነው። ደስ አለኝ፤ ለካ መቀስና ኦቲዝም የቆየ ዝምድና አላቸው።

አላስችል ብሎኝ «ለምን ከትልልቆቹ ጋር አትሠሩም?» አልኩ።

ዝምተኛው አባት ቀና አለ። «የልጄን ሕክምና ኢንሹራንስ የሚከፍለው ኦቲዝም ስፒክሶች በየስቴቱ ሕግ እንዲወጣ ስለጎተጎቱ ነው። እግዜር ይስጣቸው። ፀጉሩን ግን ማን ይቁረጥልኝ?»

ለካሳ ይሁን ብዬ ሰኞ ልጁን ፀጉር ቤት ወሰድኩት፤ ሸሚዜ ነጭ። ሰውየው ቶንዶሱን መሳቢያ ውስጥ ከቶ፣ ሬዲዮውን አጥፍቶ ጠበቀን። ልጁ ተቀመጠ። መቀሱ አንድ ጆሮ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሲዞር ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

ሁለተኛውን ጆሮ ሲቆርጥ እኔ መንገድ ላይ ቆሜ በመስታወት ነው ያየሁት።