ኪሎና ቁመት ብቻ

የመንገድ ዳር ሚዛን የማያውቅ የለም። ልጁ ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ «ኪሎዎን ይወቁ!» ይላል። እዚህ አረርቲም አለ። እኔን ያናደደኝ ልጁም ሚዛኑም አይደለም፤ አጠገቡ የተለጠፈችው ሰንጠረዥ ናት። ኪሎህንና ቁመትህን አገናኝተህ ጣትህ ቀዩ ላይ ካረፈ «ከመጠን በላይ» ትልሃለች። ዕድሜህን አትጠይቅ፣ ፆታህን አትጠይቅ፣ ምን ሠርተህ እንደምታድር ምን ቸገራት!

ድሮ ዘመድ «ወፈር ብለሃል» ካለ ተመችቶሃል ማለቱ ነበር። «ምነው ከሳህ?» ካለ ግን ቤተሰቡ ይደነግጥና ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ይታሰባል።

የሰንጠረዧን ስሌት ያመጣው ማን ነው ብዬ ብከታተል አዶልፍ ኬትሌ የሚባል ቤልጂጋዊ ሆኖ ተገኘ። ኪሎን ለቁመት፣ ውጤቱን እንደገና ለቁመት አካፍሉ ያለው እንደ ፈረንጆቹ በ1832 ገደማ ነው። ሐኪም አይደለም፤ «አማካይ ሰው» የሚለውን ፍለጋ የገባ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሰው ነው። እኛ ዘንድ እኮ ኮከብ የሚቆጥር ሰው ቢያንስ የእናትህን ስም ይጠይቃል!

በፈረንጆቹ 1972 ደግሞ አንሰል ኪስ የተባለው አሜሪካዊ ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች ለክቶ ስሌቱን ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው። የተለኩት በሙሉ ወንዶች ናቸው። በሰንጠረዧ ውጤትህ 25 ከሞላ ከመጠን አልፈሃል፣ 30 ከሞላ አለቀልህ። ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ አይሱዙ ላይ የሚወጣው ጫኝና አውራጅ 1 ሜትር ከ70 ቁመት፣ 75 ኪሎ ክብደት ቢኖረው 26 ገደማ ይሆናል። ቀበቶው ከቦርጩ ሥር የጠፋበት የቢሮ ሰውም በዚያው ቁመትና ኪሎ ያው 26 ገደማ ነው። ልብስ ሰፊ እንኳ ደረትና ወገብ ለየብቻ ይለካል። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ እየሟሸሸ ስብ እንደሚተካው፣ በእኩል ቁጥር ሴት ከወንድ ይልቅ ስብ እንደምትይዝ ሰንጠረዧ አልሰማችም።

ይህስ ይሁን። አንጀቴን የሚያሳርረው በየስብሰባው እናቶችን «በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ አድርጉ» የሚል ምክር ነው። ለማን ነው የሚነገረው? ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገት ለወጣች? ከአረም ተመልሳ እንጀራ ለጋገረች? የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ የሥራንና የቤትን ድካም እንቅስቃሴ ብሎ ይቆጥራል፤ የማይቆጥረው ቱታ ካልተለበሰ ስፖርት የማይመስለው መካሪ ነው። ያቺን ጀሪካን ራሱ አንድ ቀን ይሞክራትና እንነጋገር!

ብቻ የሚዛኑ ልጅ ምን አጠፋ፣ እንጀራው ነው።

ውፍረት የሚያስመሰግነው የቀረው ለሽምብራ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በከተማችን ስም «አረርቲ» የተባለ ነጭ የሽምብራ ዝርያ አለ፤ ፍሬው ከድሮው ድንቡሽ ያለ ነው። ማንም ቀንስ አላለውም። ለቆሎ ይሻላል ወይስ ለሽሮ በሚለው ግን ከባለቤቴ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። እሷ ለሽሮ የድሮው ነው ትላለች፤ እኔ ደግሞ ያው አብስላ ካቀረበችልኝ በኋላ ነው የምከራከረው።