ይደረብ ወይስ ይቀጠል?

የአዲስ ዓለም ልጅ መቼም ዕድለኛ ነው። አንዱን ዲግሪ ይዞ ሥራ ቢያጣ፣ ወይም ሥራ አግኝቶ የደረጃ ዕድገት ቢያጣ፣ መፍትሔው ሌላ ዲግሪ ነው፤ እሱም በግራም በቀኝም አለለት። በምሥራቅ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢጓዝ አዲስ አበባ፣ በምዕራብ ጊንጪን ቢያልፍ አምቦ ይገባል። ቅዳሜ ማለዳ ረዳቱ «አምቦ! አምቦ!» ሲል አንዱ፣ «አዲሳባ!» ሲል ሌላው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይሮጣል። የቀረው ጭንቅ አንድ ብቻ ነው፤ ይደረብ ወይስ ይቀጠል? በአካውንቲንግ የተመረቀው ማኔጅመንት ይደርብ ወይስ ማስተርሱን ይያዝ? «ምን ማወቅ ትፈልጋለህ?» የሚል ጥያቄ በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ስለሌለ እኛም እዚህ አናነሣውም።

ይደረብ ባዮች ጥሩ ምስክር አላቸው፤ ራሷ ከተማችን። አጼ ምኒልክ በ1890ዎቹ አዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ሲያልቅባት መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ኋላ ባሕር ዛፍ ተስፋፋና አዲስ አበባን አተረፋት፤ የኛም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ በመንግሥት አስተዳደር ገብቶ በነገረ መለኮት የተመረቀ ሕንጻ ማለት ይኸ ነው። ልዩነቱ፣ ሕንጻው በሁለተኛ ሙያው እስከ ዛሬ ሲያገለግል የኛ ደራቢዎች ግን በሁለቱም ሙያ የሚያገለግሉበት አለማግኘታቸው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ስለመጣ ደግሞ፣ ዲግሪ የደረበ ሰው ፈተናውንም ይደርባል። የማለፊያዋን ሃምሳ በመቶ ሁለት ጊዜ ማምጣት አለበት። ሁለት ጊዜ የተፈተነ ሥራ አጥ ይኖረናል ማለት ነው፤ ጥራት ከዚህ በላይ የለም።

ይቀጠል ባዮች ደግሞ የሒሳብ ሰዎች ናቸው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የመጀመሪያ ዲግሪና 8 ዓመት ወይም ሁለተኛ ዲግሪና 6 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ወረቀት ያያሉ። ከዚህ የምንረዳው፣ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ያገላበጠና ሁለት ዓመት የሰዓት ፊርማ እየፈረመ ወንበር ያሞቀ እኩል ሊቃውንት መሆናቸውን ነው። ብልኁ ግን ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ያስኬዳል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ይቀመጣል፣ ቅዳሜና እሑድ ይማራል፤ በሁለት ዓመት የአራት ዓመት ሰው ይሆናል። አምቦ ላይ በ1939 ዓ.ም. በግብርና ትምህርት ቤትነት የተጀመረው ተቋም ዩኒቨርሲቲ ለመባል ስድሳ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ሞኝነት ነው፤ በዊኬንድ ቢሆን ኖሮ ይፋጠን ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስፈራው ካለ አይስጋ። ከየግቢው በር ፊት ለፊት ያለው ኮፒ ቤት ጥራዝ ብቻ አይሠራም። «ሪሰርች እናማክራለን» ይላል ወረቀቱ፤ ርዕሱም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። «የአመራር ዘይቤ በሠራተኛ ተነሣሽነት ላይ ያለው ተጽዕኖ» ከተባለ የወረዳውን ስም መቀየር ብቻ ነው። መጠይቁን ለመቶ ሰው ማደል ስለሚያደክም፣ ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ይገዛና አንድ ሰው ማታ ቁጭ ብሎ «በጣም እስማማለሁ» ላይ ሲያከብብ ያድራል፤ ጥርጣሬ እንዳይገባም አልፎ አልፎ «አልስማማም» ይጨምርበታል። የኤስፒኤስኤሱን ትንተና የኮፒ ቤቱ ልጅ ይሠራዋል። የጽሑፉ ባለቤት እንዲያው ለወጉ የምስጋናውን ገጽ ቢያነበው መልካም ነው፤ ያለፈው ዓመት ተመራቂ ሚስቱን በስሟ ጠርቶ ያመሰገነበት መሥመር ሳይሰረዝ ቀርቶ ትዳር እንዳያናጋ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር መቼም አይነካም፤ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ይላል። እውነት የሆነው እሱ ብቻ ነው።

አንዳንድ ነገረኞች በዚህ መሐል የአገራችንን ልጅ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ያነሣሉ። አምቦ አጠገብ ተወለደ፣ አዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገባ፣ ከቺካጎው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት በሕግ ተመረቀ፤ ከዚያ አውሮፓ ተሻግሮ የመድረክን ሥራ አየና ቴአትር ጻፈ። ሐምሌትንና ኦቴሎን በአማርኛ አናገረ፤ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትርንም መራ። ዛሬ ቢሆን አንድ የቅጥር ኮሚቴ ማመልከቻውን ገልጦ፣ ንግድ፣ ሕግ፣ ቴአትር የሚለውን አይቶ፣ «አግባብነት ያለው የትምህርት ዝግጅት የለውም» ብሎ በቀይ ይሰርዘው ነበር። ምን ያድርጉ? ሰውዬው የተማረው ሊያውቅ ነው፤ ለማወቅ የተሰጠ ነጥብ ደግሞ በመመዘኛው ላይ የለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ምክሬ አጭር ነው፤ ደርቡም ቀጥሉም። ደርባችሁ ስትጨርሱ ቀጥሉ፤ ቀጥላችሁ ሥራ ስታጡ ደርቡ። ወላጅም አይከፋ፤ ለያንዳንዱ ወረቀት አንድ ካባ፣ አንድ ባነር፣ አንድ ድንኳን አለ። ጎረቤት ዶሮውን ይበላል፤ ፎቶው ሳሎን ይሰቀላል። ቦታ ከጠበበ የመጀመሪያው ይወርድለታል።

ውጤቱም እየታየ ነው። ድሮ ለመሬት ጉዳይ ከእጀሬ ገጠር ተነሥተው የሚመጡትን አባወራ «ነገ ና!» ብሎ የሚመልሳቸው አንድ ባለ ዲፕሎማ ነበር። ዛሬ ሁለት ዲግሪና አንድ ማስተርስ ያለው ሰው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «አባባ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» ይላቸዋል።