የሐምሌ እርጥበትና ከለንደን የመጣው ፋን

መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ያለው ሰው ክረምት ምን ይዞ እንደሚመጣ ነጋሪ አያስፈልገውም። ትናንት የተሰቀለ ፎጣ ዛሬም እርጥብ ነው። የኮርኒሱ ማዕዘን መጀመሪያ ግራጫ ይመስላል፣ ከዚያ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ነሐሴ ሲገባ ጠቁሮ ቁጭ ይላል። በረኪና ሲነካው ለሰሞኑ ይነጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ሻጋታ እርጥበት እስካገኘ ድረስ ይመለሳል፤ የሚያስቀረው ድርቀት ብቻ ነው። ስለ አንዲት ትንሽ ፋን ይህን ያህል ማውራቴም ለዚህ ነው።

እናቴ አስም አለባት። እኛ ጋ መኖር ከጀመረች ወዲህ ጠዋት ከሻወር ስትወጣ ደረቷ ሲያፏጭ እሰማለሁ። «ልጄ፣ ይሄ ክፍል እኮ ያፍናል» ትለኛለች። ሻጋታ አስም እንደሚቀሰቅስ የታወቀ ነው። ስለዚህ የፋኑ ጉዳይ ለእኔ የቤት ማሳመሪያ ጉዳይ አልነበረም።

ድሮ የነበረችው ፋን ከመብራቱ ጋር የተያያዘች ነበረች። ማብሪያው ሲበራ አብራ ትነሳለች፣ ሲጠፋ አብራ ትቆማለች። ሰው ታጥቦ ሲወጣ መብራት ያጠፋል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ነው። ችግሩ ፋን የሚያስፈልገው በተለይ ከዚያ በኋላ መሆኑ ነው። ሴራሚኩ፣ መጋረጃው፣ ፎጣውና ወለሉ የያዙት ውሃ ሻወሩ ከተዘጋ በኋላም ለረጅም ደቂቃ ይተናል። በእንግሊዝ አገር የግንባታ መመሪያ፣ የሚከፈት መስኮት ለሌለው መታጠቢያ ቤት ፋኑ በሴኮንድ 15 ሊትር አየር እንዲስብ፣ ሰውየው ከወጣ በኋላም 15 ደቂቃ እንዲቆይ የሚያዘው ለዚሁ ነው።

እንግሊዝን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የባለቤቴ እህት ለጥምቀት ከለንደን ስትመጣ የእናቴን ሳል ታውቃለችና አንድ ፋን በሻንጣዋ ይዛ መጣች። «ይሄ እርጥበት ሲያገኝ ራሱ ይነሳል፣ ሲደርቅ ራሱ ይቆማል፤ ማንም አይነካውም» አለችን። ኤሌክትሪኩ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከእኛው ጋር ይስማማል። ከአሜሪካ የሚላክ ከሆነ ግን ቮልቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እዚያ በ120 ቮልት የሚሠራ ፋን እኛ ጋ ሲሰካ ይቃጠላል።

ሊገጥም የመጣው ወጣት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መብራቱን ፈታ፣ በቴስተሩ ነካካና ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ሦስተኛ ሽቦ የለም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለው ፋን ሦስት ሽቦ ይፈልጋል፦ ሁልጊዜ ኃይል ያለው ፌዝ፣ ከመብራቱ ማብሪያ የሚመጣ ፌዝ እና ኒውትራል። መብራት ጠፍቶም መሥራት ካለበት ከማብሪያው ያላለፈ ኃይል ማግኘት አለበት። እኛ ጋ ወደ መብራቱ የመጣው ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ማብሪያው ሲጠፋ ሁሉም ይሞታል። ልጁ በግድግዳው ውስጥ ባለው ቱቦ ሦስተኛ ሽቦ ሊስብ ሞከረ። የሚጎትተው ገመድ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ቤቱ ሲሠራ ቱቦው ውስጥ ሲሚንቶ ገብቶ ደርቋል። በሌላ በኩል ሞከረ፣ ያም ተዘግቷል። መጨረሻ ላይ ከሳሎኑ ጀምሮ በበሩ አናት ላይ በፕላስቲክ መሸፈኛ ሽቦ ዘርግቶ ግድግዳውን በስቶ አስገባው። እንጀራ ማቅረቢያችን ሳይቀር የሲሚንቶ አቧራ ለበሰ። ልጁ ግን ሳይሰለች እስኪመሽ ሠርቶልናል፤ ምስጋና ይገባዋል።

ከጥር እስከ ግንቦት ፋኑ የተባለለትን አደረገ። እናቴ ሻወር ስትከፍት ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፣ ከወጣች በኋላ ይቆይና ራሱን ያጠፋል። ኮርኒሱ ነጣ። ሳሉም ቀነሰ።

ሐምሌ ገባ። ፋኑ አንድ ቀን ጠዋት ተነሳና አልቆም አለ። ማንም ሳይታጠብ፣ ሌሊቱን ሙሉ። እናቴ ከመኝታዋ ተነስታ «ይሄ ነገር ምን ሆነብን? መብራት ይበላል እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ 20 ዋት ፋን ሌት ተቀን ቢሠራ በወር 14 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል። ከዚያ በላይ ያሳሰበኝ ግን የሌሊቱን ብርድ በበርና በመስኮት ስንጥቅ እየሳበ ቤት ማስገባቱ ነበር። ዕቃው ተበላሽቷል ያለን ሰው ነበር። አልተበላሸም።

ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ ሳሎን አስቀመጥኩ። 72 በመቶ አለኝ፤ ሻወርም ምድጃም በሌለበት ክፍል። ፋኑ ከፋብሪካ የመጣው ደግሞ ከ65 በላይ ሲሆን እንዲነሳ ተሞልቶ ነው። የእርጥበት መቶኛ የሚለካው አየሩ በዚያ ሙቀት ሊሸከም ከሚችለው እንፋሎት ምን ያህሉን እንደያዘ ነው። አየር ሲሞቅ የመሸከም አቅሙ ይጨምራል፣ ሲቀዘቅዝ ያንሳል። ለንደን በክረምታቸው ደጁ 5 ዲግሪ ሆኖ በእርጥበት ቢሞላም፣ ያው አየር ቤት ገብቶ በማሞቂያ 20 ዲግሪ ሲደርስ ከ40 በመቶ በታች ይወርዳል። እዚያ 65 ብሎ መሙላት ትክክል ነው። የአዲስ አበባ ቤት ግን ማሞቂያ የለውም። ዝናቡ በማያባራበት ሐምሌና ነሐሴ የቤታችን አየር ከደጁ ብዙም አይለይም። ፋኑ እርጥብ አየር አውጥቶ በምትኩ የሚያስገባው ሌላ እርጥብ አየር ነው፤ ስለዚህ እርጥበቱ ወደ 65 መቼም አይወርድም።

ቁጥሩን ወደ 80 ከፍ አደረግነው። ሌሊቱ ጸጥ አለ፤ ነገር ግን እናቴ በባልዲ ሞቅ ባለ ውሃ ስትታጠብ ጨርሶ አይነሳም፣ ከተነሳም ወለሉ ሳይደርቅ ይቆማል። ለክረምት የሚሆነው ለበጋ አይሆንም፣ ለበጋ የሚሆነው ለክረምት አይሆንም። እርጥበቱ በድንገት ሲያሻቅብ ብቻ የሚነሱ፣ ወይም የመታጠቢያ ቤቱን ከሳሎኑ ጋር የሚያነጻጽሩ ሴንሰሮች አሉ፤ ለእኛ አገር አየር የሚሻሉት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ባለቤቴ ያለችውን ላንሳ። «እኔ ያለ መለኪያም አውቃለሁ፤ በካውያ የተተኮሰው ጠጉሬ ሻወር ቤት ስገባ ይመለሳል» አለችኝ። ይህ የዋዛ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1783 የጄኔቫው ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር ስለ እርጥበት አለካክ ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው መሣሪያ በሰው ጠጉር የሚሠራ ነበር፤ ጠጉር እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል።

እኛ የዳንነው ግን በታይመሩ ነው። ፋኑ ውስጥ በጠመንጃ መፍቻ የምትዞር ትንሽ ብሎን አለች፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ስንት ደቂቃ እንዲቆይ የምትወስነው እሷ ናት። 20 ላይ አደረግናት፣ የእርጥበቱን ደግሞ መጨረሻው ድረስ ከፍ አድርገን ከሥራ አስወጣነው። መስከረም ሲጠባ ሴንሰሩን እንመልሰዋለን፣ ሰኔ ላይ ታይመሩን። መብራት ሄዶ ሲመጣ የጀመረውን ደቂቃ ይረሳል፤ ያኔ ማብሪያውን አንዴ አብርቶ ማጥፋት ነው።

ሦስተኛ ሽቦ ለሌለው ቤትም መላ አለ። በእጅ ተጠምዝዞ የሚሞላ፣ በስፕሪንግ የሚሠራ ታይመር በማብሪያው ቦታ ይገጠማል፤ ኒውትራል አይፈልግም፣ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ይበቁታል። መብራቱም አብሮ ይቆያል፣ ነገር ግን አምፖሉ ኤልኢዲ ከሆነ ወጪው ትንሽ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን በሩን እዩ። ፋኑ እየሠራ አንድ ቅጠል ሶፍት አፉ ላይ አስጠጉ። የእኛው በሩ ሲዘጋ ሶፍቱን ይጥለው ነበር፣ ገርበብ ስናደርገው ግጥም አድርጎ ያዘው። አየር የሚገባበት ከሌለ የሚወጣ አየር የለም። አናጢ ጠርተን ከበሩ ሥር አንድ ሴንቲ ሜትር አስቆረጥን። የፋኑ መዝጊያ ክዳንም በትክክል መመለሱን ተመልከቱ፤ ካልተዘጋ የታችኛው ቤት የሽንኩርት ቁሌት በሕንፃው የአየር ማውጫ ሻፍት በኩል እናንተ ጋ ይመጣል።

ቤት የምታሠሩ፣ የምትሠሩና የምትቆጣጠሩ ሰዎች ሆይ፣ ግድግዳው ሳይለሰን ወደ መታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ አንድ ሽቦ ጨምራችሁ ሳቡልን፣ የቱቦውንም አፍ ሲሚንቶ እንዳይገባበት ድፈኑት። ያኔ የጥቂት ሜትር ሽቦ ዋጋ ብቻ ነው፤ በኋላ ግን ግድግዳ መብሳት ነው።