ቢጫው የማን ልጅ ነው?

በየቤቱ ጓሮ በሚያስችለው ችሎት እንደ በረኪና የሚፈራ ዳኛ የለም። ነጭ ልብስ ላይ ቢጫ ነገር ከታየ ጉዳዩ ወዲያው ለእሱ ይመራል። ተከሳሽ አይሰማም፣ ምስክር አይቆጠርም፤ አንድ ክዳን በረኪና ሳፋው ውስጥ ጠብ ይላል፣ ፍርዱም አለቀ። «በላ ልበልሃ» ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ዘሮች፣ ለአንዲት የርስት ድንበር እስከ ልጅ ልጅ የተሟገቱ ሰዎች፣ ነገሩ የሸሚዝ አንገት ላይ ሲደርስ ያለ አንዲት ጥያቄ እንዴት እንደሚፈርዱ ይገርመኛል። የእኔ ሙግት አጭር ነው፤ ቢጫ አንድ ሰው አይደለም። የላብ ቢጫ አለ፣ የእርድ ቢጫ አለ፣ የዝገት ቢጫ አለ፣ ይባስ ብሎም ዳኛው ራሱ የወለደው ቢጫ አለ። መልካቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ሁሉንም በአንድ መዝገብ መክሰስ ልብስ ያስጨርሳል እንጂ ቢጫ አያስለቅቅም።

በላብ እንጀምር፤ በብዛት የሚከሰሰው እሱ ነውና። ላብ ከሰውነት ሲወጣ ቀለም የለውም፤ ውሃና ጨው፣ ጥቂትም ፕሮቲንና ቅባት ነው። የብብቱ ቢጫ በአብዛኛው የሚመጣው ላቡ ከዲዮድራንት ጋር ሲጋባ ነው። ላብ ያስቆማሉ ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ የአሉሚኒየም ጨው አለባቸው፤ ይህ ጨው ከላቡ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ክሩ ውስጥ ይቀመጣል። ያረጀ ነጭ ሸሚዝ ብብቱ ስር ሲዳሰስ ድርቅ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ንጽሕናን ፈልጎ የተቀባው ሰው ራሱ የቢጫው አባት ነው ማለት ነው። የአንገቱ ቢጫ ደግሞ የቆዳ ወዝ ነው፤ ክሩ ላይ እየቆየ፣ አየር እያገኘው ሲሄድ ቀለሙ ይለወጣል። በረኪና እዚህ ላይ ሲፈስ ብዙ ጊዜ ቢጫውን ጭራሽ ያደምቀዋል። ይህን ያየች አጣቢ ታዲያ በረኪናውን አትጠረጥርም፤ «አንሶት ነው» ብላ ትጨምርለታለች። ለዚህ ቢጫ የሚስማማው ዳኛ ሌላ ነው። ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ተለውሶ ነጩ ጥጥ ላይ ይቀባል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል፣ በለብታ ውሃ ይታጠባል። የፈላ ውሃ ፕሮቲኑን ያበስለዋል፤ ቢጫው ሳይለቅ ካውያ ማሳረፍም የቤት ካርታ ሠርቶ እንደመስጠት ነው።

እርድ ፈጽሞ የሌላ ወገን ነው፤ ጠባዩን ለማያውቅ ሰው ደግሞ ትንሽ ቲያትር ያሳያል። በሠርግ ቤት መሀል የአልጫ ወጥ ነጭ ቀሚስ ላይ ጠብ ይላል። ባለቀሚሷ ደንግጣ ወደ ቧንቧው ትሮጥና ሳሙና ትፈትግበታለች፤ ያን ጊዜ ቢጫው ዓይኗ እያየ ወደ ቀይ ይለወጣል። ገበታ ላይ የነበረው የአልጫ ጠብታ አሁን የጠብ ማስረጃ ይመስላል። ተአምር ግን አይደለም። እርድን ቢጫ ያደረገው ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገር እንደ ሳሙና ያለ ነገር ሲነካው ይቀላል፤ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ደግሞ እንደገና ቢጫ ይሆናል። ውሃ ብዙም አያሟሟውም፣ ወዳጅነቱ ከዘይት ጋር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱ በፈሳሽ ሳሙና ይውጣ፣ መቅላቱን አትፍሩት፣ በደንብ ይለቅለቅ፤ ከዚያ ቀሚሱ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ይህ ኩሩ ቀለም በወጥ ቤት የሚችለው ባይኖርም ብርሃን ይረታዋል። በረኪናም ያነሣዋል ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ያነሣዋል። ችግሩ ጥለቱንም አብሮ ማንሣቱ ነው። ሸማኔው ስንት ቀን የተጨነቀበትን ጥለት ለአንዲት የአልጫ ጠብታ ካሣ አድርጎ መክፈል ምን ዓይነት ሽምግልና ነው?

ዝገትን ብዙ አላወራበትም። ከማስጫው ሽቦ ወይም ከአሮጌ ቧንቧ የሚመጣው ብረት ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ይብስበታል፤ ውሃው ውስጥ ተሟሙቶ ሳይታይ ያለፈውን ብረት እንኳ በረኪናው ወደ ዝገት ለውጦ ልብሱ ላይ ያስቀምጠዋል። ሎሚና ጨው፣ ጥቂትም ፀሐይ ይበቃዋል፤ የሎሚው ኮምጣጣ ብረቱን ይዞት ይወጣልና።

ሎሚን ካነሣን ዘንድ ስለ ድብልቅ ወዳጆች አንድ ነገር ልበል። አንዱ ብቻውን ካልሠራ ሁለቱን ባንድ ላይ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። አቼቶ በቤኪንግ ሶዳ ላይ ይፈስሳል፣ ይፈላል፣ አረፋው ይንቸፈቸፋል፣ ተመልካቹም «ሠራ!» ይላል። የሚያየው ግን ሁለቱ ሲጠፋፉ ነው፤ ኮምጣጣው ሶዳውን ሲበላ፣ ሶዳው ኮምጣጣውን ሲያበርድ። ጩኸቱ ሲያልቅ የሚተርፈው ጨዋ የጨው ውሃ ነው። ይህስ ቢያንስ ሰው አይጎዳም። ሎሚን ወይም አቼቶን በረኪና ላይ መጨመር ግን ቀልድ የለውም፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። አሞንያ ያለበት ማጽጃም ከበረኪና ጋር ሌላ መርዛም ጋዝ ይሰጣል። በር በተዘጋ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለሸሚዝ ተብሎ እንዲህ ያለ ሙከራ አይደረግም።

«እናቶቻችን በበረኪና ሲያነጡ ኖረው የለም ወይ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ከባድ ተቃውሞም ነው፣ እናት አለበትና። መልሴ እናቶቻችን ያጥቡት የነበረው ምን እንደሆነ ይታይ የሚል ነው። አብዛኛው ጥጥ ነበር። ክሎሪንም ከመነሻው ለእንዲህ ያለው የተክል ክር የተዘጋጀ ነው። በአውሮፓ አዲስ የተሠራ የተልባ እግር ጨርቅ ሜዳ ላይ ተነጥፎ፣ በጎመዘዘ ወተት እየተነከረ፣ ለመንጣት ወራት ይፈጅ ነበር፤ በፈረንጆቹ 1780ዎቹ ፈረንሳዊው ኬሚስት ቤርቶሌ ክሎሪን ያንን ሥራ እንደሚያሳጥር አሳየ፤ ዛሬ የምንገዛው ፈሳሽም የዚያ ዘር ነው። ሥራው እንግዲህ ከተክሉ ጋር የመጣውን ቀለም ማጥፋት ነበር እንጂ ዲዮድራንት የተቀባን ሰው ብብት መዳኘት አልነበረም። ሱፍና ሐር የእንስሳ ፕሮቲን ናቸው፤ በረኪና ሲነካቸው ራሳቸው ቢጫ ይሆናሉ፣ ቀጥሎም ይበላሉ። ናይሎንና የሚለጠጡ ልብሶችም ይወይባሉ። ጥጥ እንኳ ትዕግሥት አለው እንጂ ዘላለማዊ አይደለም፤ በረኪና ሲበዛበት ክሩ ይጎዳና ውሎ አድሮ፣ በተለይ ካውያ ሲሞቅበት፣ ቢጫ ይላል። እናቶቻችን ደግሞ በረኪና ብቻ አልነበራቸውም፤ እንዶድ ነበራቸው፣ ወንዝ ነበራቸው፣ ሣር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውል ፀሐይ ነበራቸው። እኛ ከዚያ ሁሉ ጠርሙሱን ብቻ ወርሰን «የእናቶቻችን ዘዴ» እንለዋለን።

«ለእጥበት ይህ ሁሉ ምርምር ምን ያደርጋል?» የሚልም ይኖራል። ለዚህ ሰው ኢትዮጵያዊውን ሳይንቲስት አክሊሉ ለማን ልጥቀስለት። በፈረንጆቹ 1964 ዓ.ም. ዐድዋ አካባቢ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ «ለምን?» ብሎ ጠየቀ፤ የቢልሐርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድል ዕፅ የታወቀው ከዚያ ሳፋ አጠገብ ነው። ጊዜ የለኝም ለሚለው ደግሞ መዘፍዘፍ ከሥራ ሁሉ ቀላሉ መሆኑን አስታውሰዋለሁ፤ ልብሱ ይሠራል፣ ሰውዬው ይተኛል።

የቀረው የሳጥን ቢጫ ነው። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ለጥምቀት የተቀመጠ ልብስ ሲገለጥ እጥፉ ላይ ወይቦ ይገኛል። አንዳንዴ በደንብ ያልተለቀለቀ ሳሙናና ያልታየ ወዝ ነው፤ አንዳንዴ ግን ጥፋተኛው ፌስታሉ ራሱ ነው፣ ላስቲኩ እንዳያረጅ የሚጨመርበት ኬሚካል ወደ ልብሱ እየተሻገረ ያወይበዋል። ንጹሕ ጨርቅ ከፌስታል ይሻላል፤ የወየበውንም ፀሐይ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ከዚህ ሁሉ የሚተርፍ ቢጫ ካለ ግን ምናልባት ወንጀለኛ አይደለም። አብዛኛው የዱቄት ሳሙና ሰማያዊ ብርሃን እየረጨ ዓይንን የሚያታልል ንጥረ ነገር አለው፤ አዲስ ልብስም ብዙ ጊዜ ያንኑ ተቀብቶ ይወጣል። እሱ ሲታጠብ ሲታጠብ ይለቅና የጥጡ የራሱ መልክ፣ ያ ክሬም የመሰለው፣ ብቅ ይላል። ይህን የጥጥ ተፈጥሮ ቆሻሻ ነው ብሎ በየሳምንቱ በረኪና የሚያጠጣ ሰው አንድ ነገር መሥራቱ አይቀርም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጋቢው ነጠላ ይሆንለታል።