የሥራ ፍለጋ ሥራ አዋጅ ቁጥር 0/2018

ሥራ ፍለጋን እንደ መደበኛ ሥራ ለመቁጠር የወጣ አዋጅ

በየዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ወጣት ወደ ሥራ ገበያ እየገባ በመሆኑና በገበያው ውስጥ ሻጭ እንጂ ገዢ ባለመታየቱ፤

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 7 ዜጎች ጠቃሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው እየሰፋ እንዲሄድ የደነገገ ሲሆን፣ ዕድሉም ታዝዞ እየሰፋ ሄዶ ሄዶ ከዓይን በመሰወሩ፤

የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2025 ድረስ 14 ሚሊዮን የሥራ ዕድል ለመፍጠር አቅዶ ሳለ፣ ቀኑ ሳይደርስ በ2014 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ራሱ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ውስጥ ሥራ በማግኘቱ፤

ሥራ ማግኘቱ ቀርቶ መፈለጉ ራሱ የሙሉ ጊዜ ሥራ ሆኖ በመገኘቱ፣ ይህንኑ በሕግ ማወቅም ሥራ አጥነትን ያለ አንዳች በጀት ከአገር ለማጥፋት የሚያስችል መሆኑ ምሳን በጨመረ ዐውደ ጥናት ስለተረጋገጠ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የሥራ ፍለጋ ሥራ አዋጅ ቁጥር 0/2018” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ 0 የሆነው አዋጁ አዲስ ተመራቂ በመሆኑ ነው።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፦

“ሥራ ፈላጊ” ማለት በብብቱ ሥር ክላሰር ይዞ ከጥበቃ ጋር በትሕትና ሲነጋገር የተገኘ ማንኛውም ሰው ነው።

“የሥራ ልምድ” ማለት ሥራ ያለው ሰው ብቻ የሚያፈራው፣ ሥራ የሌለው ሰው ግን ሥራ ለማግኘት አስቀድሞ ሊኖረው የሚገባ ንብረት ነው።

“ዜሮ ዓመት” ማለት ማስታወቂያ ላይ ዜሮ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለት ዓመት ነው።

“የሥራ ዕድል” ማለት ሥራ ማለት አይደለም።

“ዘመድ” የሚለው ቃል በዚህ አዋጅ አልተተረጎመም። ላለው ሰው ትርጓሜ አያሻውም፤ ለሌለው ትርጓሜ አይጠቅመውም።

3. የጾታ አገላለጽ

በወንድ ጾታ የተገለጸው ለሴትም ያገለግላል። ሴቷ ግን “የማግባት ሐሳብ አለሽ?” የሚለውን ጥያቄ በተጨማሪ ትመልሳለች። “አለኝ” ብትል ልትወልድ ነው፣ “የለኝም” ብትል ጠባይዋ ያጠራጥራል ተብሎ ይመዘገባል።

4. የሥራ ሰዓት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ቢደነግግም ለሥራ ፈላጊ ተፈጻሚ አይሆንም። የፈላጊው ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ የቴሌግራም ቻናሉ ሲጮህ ነው። ጠዋት አራት ኪሎ ወርዶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጋዜጣ ተከራይቶ ያነባል። አከራዩ “ወንድም፣ ታነባለህ ወይስ ትሸመድዳለህ? ሰው እየጠበቀ ነው” ሲለው ስልክ ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጽፎ ይነሣል። ገጹን በሞባይል ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ያለውን ሥራ መጠበቅም የዚህ አዋጅ ዓላማ ነውና። የተጻፈውን ቁጥር ላብ ቢያጠፋው ፈላጊው ለጠፋው መረጃ ራሱ ኃላፊ ነው።

የቀረው ሰዓት ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ዋናውንና ኮፒውን ይዞ በአካል ለመቅረብ ይውላል። ከ5ቱ ቀናት ሁለቱ የስብሰባ፣ አንዱ ሲስተም የጠፋበት ይሆናሉ።

5. ሰነድ

ማንኛውም ተመራቂ ቴምፖ ይዞ ይወጣል። ዋናውን ዲግሪ የሚያገኘው ኮስት ሼሪንጉን ሲከፍል ነው። ኮስት ሼሪንግ የሚከፈለው ከደመወዝ ነው። ደመወዝ የሚገኘው በቅጥር ነው። ቀጣሪው ደግሞ ዋናውን ዲግሪ ካላየሁ ይላል። አርቃቂው ይህን ክብ ለማቃናት ብዙ ሞክሮ፣ በመጨረሻ ክቡን እንዳለ ማኅተም አድርጎ በአዋጁ ግርጌ እንዲመታ ወስኗል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቀ የመውጫ ፈተና ማለፉን፣ ከቴክኒክና ሙያ የመጣ ሲኦሲ መያዙን ያሳያል። ሁሉንም ያሟላ ዋስ ያመጣል። ዋሱ ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ለደመወዝተኛ ዋስ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ፣ ለደብዳቤው ቲተር ያስፈልጋል። ቲተሩ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ወሊድ ፈቃድ ላይ ነው።

6. የሙያ ዕድገት መሰላል

ሥራ ፈላጊ እንደማንኛውም ሠራተኛ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ አለው። በነዚህ ቀናት ውስጥ ተስፋ ያልቆረጠ በቋሚነት ይመደብና ከዚህ በታች በተመለከተው መሰላል ያድጋል።

ጀማሪ ፈላጊ ከረባት አሥሮ ይወጣል፤ “እንደውልልሃለን” ሲሉት ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል። ፈላጊ የሚባለው ከረባቱን ያወለቀና ኮፒ የሚያነሣበትን ርካሽ ቤት ያወቀ ነው። ከፍተኛ ፈላጊ ለአንድ ቦታ የተሰበሰበውን ሕዝብ በዓይኑ ለክቶ ስንት ሰው እንደመጣ ሳይቆጥር ይናገራል፤ የጽሑፍ ፈተናውንም ካለፈው ዓመት ያውቀዋል፣ አልተቀየረምና። ዋና ፈላጊ ደግሞ የየመሥሪያ ቤቱን ጥበቃ በስም የሚጠራ፣ ጥበቃውም “ዛሬም መጣህ ወንድሜ? ያኛው ቦታ እኮ ሰው ገባበት፤ ማስታወቂያው ለደንቡ ነው” ብሎ በሹክሹክታ የሚመክረው ነው። የዋና ፈላጊ ደመወዝ ይኸው ምክር ነው። (ይህ አንቀጽ ቀልድ የሚመስለው በዘመድ የተቀጠረ ሰው ብቻ ነው።)

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሲሆን በወላጆቹ ቤት ይወሰዳል። በነዚህ ቀናት ማንም ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የንስሐ አባት “እስካሁን ምንም የለም?” ብሎ መጠየቅ አይችልም።

7. ሥልጠና

ሥራ ፈላጊ ሥራ እንዳይፈታ በየጊዜው ይሠለጥናል። በአካውንቲንግ የተመረቀ በዶሮ እርባታ፣ ዶሮ ያረባ በኮብልስቶን፣ ኮብልስቶን የጠረበ በ2016 በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ይቀጥላል፤ ኮደር የሆነ ወደ ዶሮ ይመለሳል።

የሥልጠናው መክፈቻ ንግግር “ተቀጣሪ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ” የሚል ይሆናል። ይህን የሚናገረው ሰው ከተመረቀ ጀምሮ በወር ደመወዝ የሚኖር፣ አንድም ቀን ሱቅ ከፍቶ የማያውቅ፣ ለንግግሩም አበል የሚከፈለው መሆን አለበት። አዳራሹ ውስጥ “ጌታዬ፣ እርስዎስ ምን ፈጠሩ?” ብሎ የጠየቀ ወጣት የአመለካከት ችግር አለበት ተብሎ ወደ አመለካከት ሥልጠና ይላካል።

8. ብድር

በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ብድር የፈለገ ወጣት ራሱን በጥቃቅንና አነስተኛ ያደራጃል። ምንም የሌላቸው ወጣቶች ምንም ለሌላቸው ወጣቶች ዋስ ይሆናሉ። ሸድ እስኪሰጣቸው ድረስ ይቆጥባሉ፤ ከምን እንደሚቆጥቡ በመመሪያ ይወሰናል።

9. የውጭ አገር ሥራ

አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቅን ጠይቆ ነበር። በመሆኑም ቤሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ለመሥራት የምትሄድ ባለዲግሪ፣ ዲግሪዋን እናቷ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ የስምንተኛ ክፍሏን ካርድ አቧራ ጠርጋ ታቀርብ ነበር። ይህ የሙያ ዕድገት መሰላሉ ወደ ታችም እንደሚሠራ ያስረዳል።

10. ሪፖርት

አንድ ወጣት ሲመዘገብ አንድ፣ ሲሠለጥን ሁለት፣ ሲደራጅ ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። ክረምት ላይ ችግኝ ከተከለ ጊዜያዊ፣ ችግኙ ከጸደቀ ቋሚ የሥራ ዕድል ተብሎ ይመዘገባል።

11. ሥራ ስለማግኘት

ሥራ ያገኘ ሰው የሥራ ፍለጋ ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል። ስለዚህ ለወረዳው የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ክላሰሩን፣ የአራት ኪሎ መቀመጫውንና የቴሌግራም ቻናሎቹን ለተተኪው በርክክብ ያስረክባል፤ ከወረዳው፣ ካሠለጠነው ተቋም፣ ካበደረው ተቋምና ከኮፒ ቤቱ ዕዳ እንደሌለበት ክሊራንስ ያመጣል። ክሊራንሱን ጨርሶ እስኪደርስ ቦታው በሌላ ሰው ከተያዘ ቅሬታ ማቅረብ አይችልም፤ ወደ ቀድሞ ሥራው በነበረበት ደረጃ ተመልሶ ይመደባል።

12. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከተነበበበት ቀን በፊት ጀምሮ የጸና ነው።

ግልባጭ
ለመዝገብ ቤት
ለሁሉም ወረዳዎች
ለሥራ ፈላጊዎች (ዋናውን ይዘው በአካል ሲቀርቡ ብቻ)